ጥርኝ ውሃ ወዴት ነው?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ። ይህ የሆነው የአያቶቻችን አያቶች ገና ዳዴ ሲሉ ነው። ያኔ የመንደራችን የሾላ ሜዳ ጭቃ ሹም አያ ድልነሳው ነበሩ፤ ጥላቸውን እንኳ የማያምኑ ሰው።

ማሽላው እሸት ሲይዝ ቢሻው የሚባል ሰው ወንጭፉን ብቻ ይዞ መጣ። ማሽላ ልጠብቅላችሁ አለ።

«አገርህ ወዴት ነው?» አሉት አያ ድልነሳው።

«ጥርኝ ውሃ።»

እሳቸው አያውቁትም። ሽማግሌዎቹም አያውቁትም። አገር ያዳረሱት ነጋዴዎችም አያውቁትም። ይሄ የሆነ ነገር አድርጎ የሸሸ ነው አሉ በልባቸው። ግን ዝንጀሮው አስቸግሮ ነበርና ማማው ላይ አወጡት።

የወይዘሮ አትጠገብ በሬ ጠፋ። ቢሻው ገደል ለገደል ዞሮ አገኘው። አያ ድልነሳው ግን «ያለበትን እንዴት አወቀ?» አሉ።

የአውድማው ክምር ተቃጠለ። ቢሻው በጋቢው እየደበደበ አጠፋው፤ እጁ ተላጠ። አያ ድልነሳው ግን «ከሰው ሁሉ ቀድሞ እንዴት ደረሰ?» አሉ።

ከዚያ ከብቱ ማለቅ ጀመረ። አሁን ሁሉም ማማውን በጎሪጥ ያይ ጀመር። ምሳ የምታደርስለት ሴት እንኳ ከሥር አስቀምጣ ትሮጣለች። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ «ውጣልን» አሉት።

«እወጣለሁ» አለ ቢሻው። «ግን ውሸታም ብላችሁ አታስወጡኝ፣ አያ ድልነሳው። ወንዙን ተከትለው ይውረዱና አገሬን ይዩት።»

አያ ድልነሳው ውሸቱን ሊያጋልጡ ወረዱ። መንገዱ ቀጠነ፤ ጭራሽም ጠፋ። ሲደክማቸው ገደል ሥር የተሸጎጡ ጥቂት ጎጆዎች አዩ። ውሾች ጮኹ። ሰዎች ዱላ ይዘው ወጡ። አንዲት አሮጊት ከእግር እስከ ራስ አየቻቸው።

«አንተ ሰውዬ፣ አገርህ ወዴት ነው?»

«ሾላ ሜዳ።»

አሮጊቷ ወደ ሰዎቹ ዞረች። የሚያውቀው አልነበረም።

«እንዲህ የሚባል አገር የለም። ምን አድርገህ ነው የሸሸኸው?»

አያ ድልነሳው ቢጨንቃቸው «ቢሻው ነው የላከኝ» አሉ። ዱላው ሁሉ ወረደ። በቢሻው ስም እራት በሉ። በቢሻው ስም መደብ ተነጠፈላቸው።

ሲመለሱ ማማው ባዶ ነበር። ሌላ ላም ስትሞት መንደሩ አባሮታል። ወዴት እንደሄደ ያየ የለም። አያ ድልነሳው እስኪሞቱ ድረስ መንገድ መንገዱን ያዩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እኛ ዘንድ እንግዳ እህል ሳይቀምስ አገሩ አይጠየቅም። ከበላም በኋላ ሰምተነው የማናውቅ አገር ቢጠራ «ጥርኝ ውሃ ነው» እንላለን። አናውቀውም፣ ሰው ግን አለበት ማለታችን ነው።