እነ ትብለጥ ያሉበት እንስራ

ወይን አምባ ከሚባለው የሸክላ ሠሪዎች መንደር እንስራ የገዛ ሰው፣ ዕቃውን ተሸክሞ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ሳይሰማ አይለቀቅም። ሻጯ እንስራውን በጣቷ ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ታስጠጋና «እነ ትብለጥ አሉበት፤ ሲሰበር ገሉን መልሱልን» ትለዋለች። አዲስ ገዢ ከሆነ ግራ ይገባዋል። ገና ውኃ ያልጠጣ ዕቃ ስለ መሰበሩ ሲወራ ደስ አይልም፤ ትብለጥ የተባለችውም ሴት እንስራ ውስጥ ምን እንደምትሠራ አይገባውም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ግን ለጠየቃቸው ሁሉ፣ አንዳንዴም ላልጠየቃቸው፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምረው ይነግሩታል።

በድሮ ጊዜ ወይን አምባዎች የተሰበረ ሸክላ እንደ ተላላፊ በሽታ ይፈሩ ነበር ይባላል። ገል ቤት ውስጥ ካደረ አዲሱን ዕቃ መሰንጠቅ ያስተምረዋል ብለው ያምኑ ስለነበር፣ አንዲት ማሰሮ እንኳ ስትሰበር ስባሪዋን ለቃቅመው ከመንደሩ በታች ወዳለው ገደል ይወረውሩታል። ያም ሆኖ ከእሳት ከሚወጣው ዕቃቸው እኩሌታው የተሰነጠቀ ነበር። አፈራቸው ጥቁርና ቅባታም ነው፤ ሲያቦኩት እንደ ሊጥ ይታዘዛል፣ ሲደርቅና እሳት ሲነካው ግን ይኮማተርና ይተረተራል። እነሱ አፈሩን አልጠረጠሩም፤ የጠረጠሩት ገሉን ነው።

ትብለጥ ወደዚህ መንደር የመጣችው ቢራራ የሚባል የወይን አምባ ልጅ አግብታ ነው። አገሯ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ የዚያ አገር አፈር ከተፈጥሮው አሸዋ ያለበት ስለሆነ እሳት አይበግረውም። እናቷም ስሟ የተጠራ ሸክላ ሠሪ ነበረችና ልጇን ስትድር በእጇ የሠራችውን እንስራ አስይዛ ሸኘቻት። እንደሚነገረው ያ እንስራ ወንዙን ሲሻገሩ ከበቅሎው ጭነት ላይ ወድቆ ተሰበረ። ሚዜዎቹ እንደ አገራቸው ልማድ ስባሪውን ለመጣል ሲጣደፉ፣ ሙሽራዋ ከገሎቹ ትልቁን በነጠላዋ ጠቅልላ ደበቀችው። ያቺ ልጅ በሠርጓ ቀን ገል ታቅፋ ባዕድ ቤት መግባቷን ሳስብ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ብዙም ሳይቆይ የእናቷ መርዶ መጣ። ሥራዋም አልሆነላትም። እንደ ለመደችው አፈሩን አቡክታ፣ በእጇ አሳድጋ፣ በለስላሳ ጠጠር አለስልሳ፣ ጥላ ሥር አድርቃ፣ በኩበትና በጭድ ታቃጥለዋለች፤ ዕቃው ግን እሳቱ ውስጥ ጧ እያለ ይፈነዳል። ለሌሎቹ እኩሌታው ይተርፍላቸው የለም? ለእሷ አንድም አይተርፍ። ጎረቤትም እጇ ላይ የሆነ ነገር አለ እያለ ማንሾካሾክ ጀመረ።

አማቷ እማማ ደብሪቱ ምላሳቸው ስለታም፣ ሆዳቸው ግን ቡቡ የሆነ ሴት ነበሩ። አንድ ቀን መደቡን ሲያጸዱ ከቁርበቱ ሥር ገሉን አገኙት።

«አንቺ ትብለጥ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«የእናቴ ነው፣ እማማ።»

«እናትሽንስ ነፍሷን ይማር። ይኼ ግን ቤቴን እያፈረሰ ነው። ከገበያ ስመለስ ገደል ገብቶ ካልጠበቀኝ፣ አንቺም ወደ አገርሽ ትመለሻለሽ።»

ትብለጥ ባሏን ትወዳለች፤ ቤቷንም መልቀቅ አልፈለገችም። ገሉን ገደል መወርወር ደግሞ እናቷን ሁለተኛ ጊዜ መቅበር መስሎ ታያት። ስታለቅስ ቆየችና ገሉን ወፍጮው ላይ አስቀምጣ በመጁ ትፈጨው ጀመር። ከተፈጨ ገል አይባልም፤ ካልተጣለ ደግሞ እናቷ ከቤት አልወጣችም ማለት ነው። ዱቄቱን ባቦካችው አፈር ውስጥ ጨምራ አንዲት ማሰሮ ሠራችበት። ይህን ጥበብ የሚሉት አሉ፤ እኔ ናፍቆት ነው እላለሁ። በዚያው ወፍጮ ከተፈጨው የዚያ ሰሞን ቂጣ ቢራራ ጥርሱን ይዞ መትረፉንም ለብቻው ተአምር የሚያደርጉት አሉ።

ማሰሮዋ ደርቃ የመንደሩ ሴቶች በጋራ ባነደዱት እሳት ውስጥ ገባች። ያን ቀን እሳቱ ክፉኛ ተንጣጣ፤ ሴቶቹም በየፍንዳታው የማን ይሆን እያሉ ፊታቸውን ያጨማድዱ ነበር ይባላል። አመዱ ተገልጦ ሲታይ የትብለጥ ማሰሮ ቀይ ሆና፣ ጭረት እንኳ ሳይነካት ወጣች። እማማ ደብሪቱ አንስተው በጣታቸው ቢመቷት እንደ ደወል ጮኸች።

«ምን አድርገሽባት ነው?»

ትብለጥ መዋሸት አልሆነላትም። «እናቴ አለችበት» አለች፤ ወፍጮውንም ዱቄቱንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ነገ ጓዟን ጠቅልላ ወንዙን እንደምትሻገርም እርግጠኛ ነበረች።

አሮጊቷ አልተቆጡም። ማሰሮዋን ለትብለጥ አስረክበው፣ ቅርጫት አነሡና ዕድሜ ልካቸውን ገል ሲወረውሩበት ወደ ኖሩት ገደል መውረድ ጀመሩ። ሴቶቹ አበዱ ብለው ተከተሏቸው። እማማ ደብሪቱ ግን ቅርጫታቸውን ሞልተው፣ ጉልበታቸው ተጫጭሮ ወጡ፤ ገሉንም ከምራታቸው ወፍጮ ሥር ዘረገፉት።

«በይ ፍጪ፣ ልጄ» አሉ። «የእኔም እናት እዚህ ውስጥ ሳትኖር አትቀርም።»

ከዚያ ወዲህ የወይን አምባ ሸክላ በእሳት መሰንጠቁን ተወ ይላሉ። ገደሉ ዛሬ ባዶ ነው፤ ተፈልጎ አንድ ገል አይገኝበትም። ሸክላ ሠሪ ስትሞት የመጨረሻ እንስራዋ ተሰብሮ ለሴት ልጆቿና ለምራቶቿ ይከፋፈላል፤ እነሱም ፈጭተው ከአፈራቸው ጋር ያቦኩታል። የመጀመሪያዋ ተካፋይ፣ እማማ ደብሪቱ ሲሞቱ፣ ትብለጥ ነበረች ይባላል፤ ከአማቷ እንስራ የደረሳትን ገል ስትፈጭም ከእናቷ ባላነሰ አለቀሰችላቸው።

እኔም ዘንድሮ እንስራዬ ተሰብሮብኝ ስባሪውን በጆንያ ይዤ ወደ ወይን አምባ ሄድኩ። ሻጯ ጆንያውን በሁለት እጇ ተቀብላ ጥላ ሥር አስቀመጠችው። ፀሐይ መትቶኝ ቆሜ ሰላምታ ስጠብቅ፣ እሷ የጆንያውን አፍ ፈታ ጎንበስ አለችና «እንኳን ደህና ገባችሁ» አለቻቸው።