በጓሮ የበቀለችው የሮም ንግሥት

አንድ አባት ነበረ፤ ደምሰው ይባላል። ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሰው ምክር ወደሚጠይቃቸው ወደ መሪጌታ ኅሩይ ሄደና እንዲህ አላቸው፦

«የኔታ፣ ልጄን ውብነሽን ላግባት የሚል ወጣት አለ። ልጁን አውቀዋለሁ፤ እወደውም ነበር። ታምሜ ስወድቅ አዝሎ ሐኪም ቤት ያደረሰኝ እሱ ነው። ‹ምነው እንዲህ ያለ ልጅ በወለድኩ› እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት። አሁን ሽማግሌ ሲልክ ዘሩን ባስጠይቅ፣ አባቱ ሸክላ ሠሪ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሳየው ፊቱ ራሱ ይከፋኛል። ሽማግሌዎቹን ልመልሳቸው ወይስ ምን ላድርግ?»

መሪጌታ «ተቀመጥ» አሉት። ሲቀመጥ እንዲህ ብለው ነገሩት።

አንድ ባለጠጋ ነበረ። ተወልዶ ያደገው ገጠር ሲሆን ከተማ ገብቶ በንግድ ከበረ። ሲከብር የገጠሩን ነገር ሁሉ ረሳ፤ ያልረሳውንም ረሳሁ ይል ነበር። ይህ ሰው አበባ ይወዳል። ይወዳል ስልህ ግን ሁሉንም አይደለም። ባሕር ተሻግሮ የመጣ ካልሆነ አበባ አይመስለውም። ጓሮው ውስጥ ሳይዘራው የበቀለ ነገር ካየ፣ ጓዳ እንደገባች አይጥ ያሳድደዋል። ሚስቱ ለጉንፋን የምትቀጥፋትን ዳማከሴ እንኳ ነቀለባት።

«ባልዘራሁት ነገር መሬቴን አላስበላም» አላት።

«ታዲያ ጉንፋን ሲይዝህ ምን ላሽትህ?» አለችው።

መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት አስነጠሰው።

አንድ ቀን ይህ ሰው ከነጋዴ የታሸገ ዘር ገዛ። በማሸጊያው ላይ ክብ ቀይ አበባ ተሥሏል፤ ጽሑፉን ግን ሻጩም ገዢውም ማንበብ አይችሉም። ነጋዴው «የሮም ንግሥት ትባላለች» አለው። ይህን ሲሰማ ዋጋም አልተከራከረ። ወስዶ በመስኮቱ ፊት ዘራት። በማግሥቱ ኃይለኛ ዝናብ ዘነበና አፈሩን ከነዘሩ ጠርጎ ወሰደው። ባለጠጋው ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ጠዋት ማታ እየወጣ መደቡን ያያል። ከብዙ ቀን በኋላ አንዲት እሾሃም ቅጠል ብቅ አለች።

«መጣች!» ብሎ ጮኸ።

አጥር አጠረላት፤ ፍግ ጨመረላት። ሚስቱ ውሃ ልታጠጣ ስትጠጋ «ቀስ በይ፣ እንግዳ ናት» ይላታል። ተክሏ አደገችና ቁመቷ ከሰው እኩል ሆነ፤ ቅጠሏ እንደ መጋዝ፣ እሾኋ እንደ ወስፌ። በመጨረሻም ትልቅ ብርቱካን የሚያህል፣ እንደ ፍም የቀላ ክብ አበባ አወጣች። እውነቱን ለመናገር ውብ ነበረች። ንብ ከየአቅጣጫው መጣ።

ንብ ሲመጣ ሰውም መጣ። ባለጠጋው ወንበር ደርድሮ የሮም ንግሥትን ያሳያል። ጎረቤቱ የነበሩ አንድ ዳኛ ሊያሸቷት ጎንበስ ቢሉ አፍንጫቸውን ወጋቻቸው፤ ደማ። ዳኛው አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው «ምንም አይደል፤ ክብሯን የምታውቅ ናት» አሉ። እንግዶቹም «የነገሥታት ነገር እንዲህ ነው፤ በቀላሉ አይነካም» እያሉ አደነቁ።

በዚህ መካከል የባለጠጋው ታላቅ እህት ለበዓል ከገጠር መጣች። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ጓሮ ስትገባ እንግዶቹ፣ ዳኛውና ሚስታቸውም ጭምር፣ አበባዋን ከበው ተቀምጠዋል። እህቱ ደንግጣ ቆመች።

«በስመ አብ! ወንድም ዓለም፣ ኮሸሽላ አጥር ታጥሮለት አየሁ?»

«እታለም፣ ይህቺ እኮ የሮም ንግሥት ናት» አላት እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም።

«ሮም ከእኛ ማሳ ዳር ናት እንዴ? ልጅ ሳለህ ተረከዝህን ሲወጋህ በመርፌ የማወጣልህ እኔ አልነበርኩም?»

እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ወንበሮች ወደ ኋላ ተሳቡ። እስከዚያች ሰዓት ደህና የነበረው የዳኛው አፍንጫ ያን ጊዜ አመማቸው።

«ኮሸሽላ ነው የወጋኝ?» አሉ ተቆጥተው።

ዘር ስጠኝ እያለች ስትለምነው የነበረች አንዲት ወይዘሮም «እኔስ መጀመሪያውኑ ነገረ ሥራው አላማረኝም ነበር» አለች።

ባለጠጋው የሚገባበት ጠፋው። በንዴት አጥሩን ዘሎ ገባና ግንዱን በሁለት እጁ ጨመደደ።

«ተው!» አለች እህቱ። «እኔ ስሙን ነገርኩህ እንጂ ንቀለው መች አልኩህ? እንዲህ ያማረ ኮሸሽላ እኔም አይቼ አላውቅ!»

አልሰማትም። ይጎትታል፤ ሥሩ ጠልቆ አልነቀል አለው። እየማለ፣ እየተራገመ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ሲስበው ድንገት ተነቀለና ባለጠጋው በጀርባው ተዘረረ፤ ንግሥቲቱም ደረቱ ላይ ወደቀች። ሲያነሡት እጁም፣ ክንዱም፣ ደረቱም እሾህ ለብሷል። እህቱ ሚስቱን «መርፌ አለሽ?» አለቻት።

በዚያ ግርግር የዳኛው ሚስት የወደቀውን አበባ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ቤቷ ወሰደችው። ዘሩን በጓሮዋ በተነችው፤ ጊዜው ደርሶ በቀለ፤ አበበም። ሰው «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቃቸው ዳኛው «ኮሸሽላ ነው፤ አፍንጫችሁን ጠብቁ» ይላሉ። ጎብኚውም ይስቃል፣ ቁጭ ብሎም ሲያየው ይውላል።

ባለጠጋውስ? ጠዋት ጠዋት «አጥር ላጠባብቅ» ብሎ ይወጣና በአጥሩ ቀዳዳ ወደ ዳኛው ጓሮ ያጮልቃል። ሚስቱ «ምን ታያለህ?» ስትለው «ምንም» ይላታል። በመስኮቱ ፊት ያለው መደብ ግን ባዶውን ቀረ።

መሪጌታ ይህን ብለው ወደ ደምሰው ዞሩ።

«አየህ፣ አበባው ያው አንድ አበባ ነው። ቀለሙ አልተለወጠ፣ ንቡ አልሸሸው። የተለወጠው ስሙ ነው። ባለጠጋው የወደደውም የጠላውም ስም እንጂ አበባ አልነበረም። አንተም እንዲሁ ነህ። ያ ልጅ ሲያዝልህ ጀርባው የሸክላ ሠሪ ልጅ ጀርባ ነበር፤ ያን ቀን አልቆረቆረህም። ዛሬ ስም ነገሩህና ቆረቆረህ። አሁን እጅህ ግንዱ ላይ ነው። ልንቀል ብትል ማን ይከለክልሃል? ነገር ግን እሾሁ በአንተ እጅ ይቀራል፤ አበባው በሌላ ሰው ጓሮ ይፈካል፤ ውብነሽም ባዶ መደብ ስታይ ትኖራለች።»

ደምሰው ቅር እንዳለው ቀና አለና «ታዲያ የኔታ፣ ልጁን ኮሸሽላ ነው ማለትዎ ነው?» አላቸው።

«ልጁማ አበባ ነው» አሉ መሪጌታ። «እሾሁን ያየሁት ካንተ አፍ ሲወጣ ነው። በል ተነሥ፤ ሽማግሌዎቹን ደጅ አታስጠናቸው።»