ልጆቻቸውን የተለዋወጡ ሦስት አገሮች

ስሙ በጠፋ ምድር፣ ቀኑ በተረሳ ዘመን፣ ሦስት አገሮች ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ገደሉ የሽኮኮዎች፣ ሜዳው የጅግራዎች፣ ጫካው የዝንጀሮዎች። እናንተ ልጆች ይህ ሁሉ አንድ ሰፈር አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይደለም። ለሽኮኮ ገደሉ አገሩ ነው፤ ድንበር አለው፣ በድንበሩም ይኮራል።

በሦስቱም ላይ አንድ ነብር ነበረባቸው። አያ ነብሮ ብልጥ ነው፤ ሁሉንም ባንዴ አይነካም። ገደል ወጥቶ ሽኮኮ ሲበላ ለጅግራዎቹ «ጠቤ ከእናንተ ጋር አይደለም» ይላል። ሜዳ ወርዶ ጅግራ ሲበላ ለዝንጀሮዎቹ «ጠቤ ከእናንተ ጋር አይደለም» ይላል። ጫካ ገብቶ የዝንጀሮ ግልገል ሲነጥቅ ደግሞ ወደ ገደሉ ቀና ብሎ ያንኑ ይላል። የቀሩትም ተመስገን፣ ዛሬ የእኛ ተራ አይደለም ብለው ይተኛሉ። ሞኝነታቸው ያናድደኛል፤ ግን የእኛም ሰፈር ቢሆን ያው ነው።

ገደሉ ላይ ይታይሽ የምትባል ሽኮኮ ነበረች። ባሏን ነብር በልቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። ዓይኗ ሩቅ ያያል፤ ነብሩ ገና ከወንዙ ማዶ ሲንጠራራ ታየዋለች። ግን ማየት ብቻውን ምን ይፈይዳል? ድምፅዋ ጫካ አይደርስ፣ ጥርሷ ከቅጠል አያልፍ። ልጆቿን እያየች እህል አልወርድ ሲላት፣ ልቧን አጠንክራ ድንበር ተሻገረች።

መጀመሪያ ወደ ጅግራዎቹ አለቃ ወደ እሜቴ ጅግራ፣ ቀጥሎ ወደ ዝንጀሮዎቹ አለቃ ወደ አያ ገመሬ ሄደች። ለሁለቱም የነገረቻቸው አንድ ነው፦ «ዓይን ከእኔ፣ ድምፅ ከእሜቴ ጅግራ፣ ክንድ ከአያ ገመሬ። ለየብቻችን የነብር ቁርስ ነን፤ ስንገጥም ግን የማንን ቁርስ ይበላል?»

ነገሩ ገባቸው። በሦስቱ ድንበር መገናኛ ካለው ሾላ ሥር ተሰብስበው አንዱ ሲነካ ሁሉም እንዲነሣ ተስማሙ። ውሉን የሚያስማማ ሽማግሌ ሲፈለግ ቀበሮ ተገኘ። ከሦስቱም አገር አይደለም፣ ስለዚህ አያዳላም ተባለ። ከነብሩ ማዕድ ትራፊ እንደሚለቃቅም ማንም አላወቀም።

ቀበሮም ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንዱ በችኮላ ሌላውን ጦር ውስጥ እንዳይማግድ፣ ነብር በመጣ ቁጥር ሦስቱ አለቆች መጀመሪያ ከሾላው ሥር እንዲቀመጡና ሦስቱም አዎ ሲሉ ብቻ እንዲዘመት ሐሳብ አቀረበ። «ቁጭ ብሎ የመከረ አይወድቅም» ብሎ ደመደመ። ንግግሩ ጣፈጣቸው። ገደሉን ወክላ የተቀመጠችው ይታይሽ ልቧን ቅር ቢለውም ተስማማች። ውሉን የፈለገችው እሷ ናት፣ እንዴት ታፍርሰው?

ብዙም ሳይቆይ ነብሩ መጣ። ይታይሽ አይታ ወደ ሾላው በረረች፤ አለቆቹም ተቀመጡ። ቀበሮ ነብሩ ድንበር ተሻግሯል ወይስ ድንበር ላይ ቆሟል ብሎ ጠየቀ። እሜቴ ጅግራ ድንበር የሚባለው ወንዙ ነው ወይስ የወንዙ ዳር አለች። አያ ገመሬ ጎረምሶቼ ቁርስ ሳይቀምሱ አይዘምቱም አለ። ይታይሽ ብትለምን፣ ብትንበረከክ፣ ቀበሮ «ቁጭ በይ እንጂ፤ ቁጭ ብሎ የመከረ አይወድቅም» ይላታል። ሦስተኛው አዎ ሲባል ነብሩ በልቶ ወርዷል። ቤቷ ስትደርስ ከልጆቿ ሁለቱ ቀርተው ጠበቋት።

አለቀሰች፤ ዓይኗ እስኪያብጥ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠረገችና ሁለቱን ልጆች ይዛ ጫካ ወረደች። አያ ገመሬ ከሩቅ ሲያያት ልትወቅሰኝ ነው ብሎ ፊቱን አዞረ።

«ልወቅስዎ አልመጣሁም» አለችው። «ይህን ልጅ የጡት ልጅ አድርገው እንዲያሳድጉልኝ ነው።»

«ምነው ይታይሽ፣ አንቺ እናቱ እያለሽ?»

«እኔ ነብሩን አየዋለሁ እንጂ አላስጥለውም። እርስዎ ደግሞ የገዛ ልጅዎ ሲነጠቅ ጉባኤ ሲጠብቁ አይቼዎት አላውቅም።»

አያ ገመሬ ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ ማር አመጣች፤ እንደ ወጉ ጣቱን ማር ነክሮ ለትንሹ ሽኮኮ አጠባው፣ ልጁም የጡት ልጁ ሆነ። በእነሱ ዘንድ ልጅ የሰጠን ባዶ እጁን መመለስ ነውር ነበርና የመጨረሻ ልጁን ለይታይሽ አሳቀፋት። ሜዳም ላይ እንዲሁ ሆነ። እሜቴ ጅግራ ጣት ስለሌላት ምንቃሯን ማር ነከረች፤ ሁለተኛዋን ትንሽ ሽኮኮ ተቀብላ ጫጩቷን ሰጠች። ኋላም ጅግራና ገመሬ እርስ በርሳቸው ልጅ ተለዋወጡ፤ ወግ ከተጀመረ ማን ያቆመዋል? ይታይሽ ቤት የገዛ ልጇ አልቀረም። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሆዷ ባባ፤ እየዋለ ሲያድር ግን የዝንጀሮው ግልገል ጀርባዋ ላይ መንጠልጠል ጀመረ።

ቀበሮ ይህን ሰምቶ በሳቅ ተንከባለለ። ነብሩ ዘንድ ሄዶ አብደዋል፣ ልጆቻቸውን እንደ ዘር እህል ይበዳደራሉ፣ አንተ ሂድ፣ አለቆቹን እኔ ከሾላው ሥር አስቀምጣቸዋለሁ አለው።

ነብሩ ገደሉን መውጣት ሲጀምር ይታይሽ አየችና ባላት ድምፅ ሁሉ አፏጨች። ነብሩ እሷ በር ላይ ደርሶ ቆመ። ከኋላዋ የዝንጀሮው ግልገልና ጫጩቷ ተጣብቀዋል።

«ጠቤ ከአንቺ ጋር አይደለም» አላት። «ልጆችሽ በሰው አገር በሰላም አሉ። እነዚህ ያንቺ አይደሉም፤ አሳልፊኝ።»

ከጎኗ የምታመልጥበት ስንጥቅ ነበረ፤ ዓይኗን እንኳ አልጣለችበትም።

«ልጆቼ ናቸው» አለችው። «ባይሆኑማ እዚህ አልቆምም ነበር።»

ፉጨቷ ሜዳ ደርሶ ነበር። እሜቴ ጅግራ ጫጩቷ ገደሉ ላይ መሆኗን አሰበች እንጂ ድንበሩ ወንዙ ይሁን ዳሩ አልጠየቀችም፤ ሦስቱን አገር ያናወጠ ጩኸት ለቀቀችው። ከሾላው ሥር ቀበሮ «ቁጭ በሉ እንጂ፤ ቁጭ ብሎ የመከረ…» ማለት ጀመረ። ሳይጨርስ አያ ገመሬ በቀበሮው አናት ላይ ዘሎ አለፈ። «ልጄ ገደሉ ላይ ነው» ከማለት ሌላ ቃል አልወጣውም። ጫካው በሙሉ ተከተለው፤ ድንጋዩም እንደ በረዶ ወረደ።

ነብሩ ጆሮው ተተልትሎ ሲሮጥ መንገዱ በሾላው በኩል ነበር። ቀበሮን እዚያው ቁጭ እንዳለ አገኘውና፣ ሁሉም እየሰሙ፣ «ይቀመጣሉ ብለኸኝ አልነበር?» ብሎ በጥፊ አጋደመው። ያኔ የሽማግሌው ነገር ለሁሉም ተገለጠ። ቀበሮ እያነከሰ ከዚያ ምድር ወጣ፤ የሸኘውም የለም።

ጉባኤው አልቀረም። በሰላም ቀን ከሾላው ሥር ይቀመጣሉ፣ ስለ ድንበር ይነታረካሉ፣ አንዳንዴ ተኳርፈው ይለያያሉ። ነብሩ ብቅ ሲል ግን የሚቀመጥ የለም። የሰማሁትን እንደ ሰማሁት አካፍያችኋለሁ፤ እናንተ ደግሞ ለተከታዮቻችሁ አካፍሉ፦

ልጁ በጎረቤት ያደገ፣ የጎረቤቱን አጥር ሳይጠሩት ያጥራል።