አረንጓዴው የደመራ ነበልባል

በአንድ ሰፈር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አምፖል ሲቃጠልም ባልና ሚስት ሲጣሉም የሚጠራ፣ የተከበረ ሰው።

የመስቀል ዋዜማ ሰፈርተኛው ችቦውን ደመረ። በቅርቡ ቤት የተከራየችው እቴነሽም የራሷን አምጥታ ጨመረች። ደመራው ተለኮሰ፤ እልልታው ቀለጠ። ድንገት በእቴነሽ ችቦ በኩል ነበልባሉ አረንጓዴ ሆነ። የቅጠል አረንጓዴ!

እልልታው ቀጥ አለ፤ ሰዉ ክፉ ምልክት ነው ብሎ አማተበ።

«የማን ችቦ ነው?» አሉ አከራይዋ እማማ ትርፌ።

«የአዲሷ ተከራይዎ» አላቸው አንዱ።

«ብያለሁ! ገና ስትገባ ሰላምታዋ አላማረኝም ብያለሁ። ነገ ቤቴን ትልቀቅልኝ!»

«ኧረ እማማ፣ እንጨት እኮ ነው!» አለች እቴነሽ። ማን ይስማት?

የኤሌክትሪክ ሠራተኛውስ? ሰውየው ራሱን ነቀነቀና «እህ» አለ። «እህ» ያለን ሰው ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም።

እሳቱ ጋብ ሲል ጠጋ ብሎ ቆሰቆሰው። ከአመዱ ሽቦ ወጣ። ፕላስቲኩ ነድዶ መዳቡ ብቻ ቀርቷል። አወቀው። ጠዋት እቴነሽ «ጋሼ፣ ችቦዬን የማስርበት አጣሁ» ስትለው ቆርጦ የሰጣት እሱ ራሱ ነው!

ምዕመናን፣ ብረታ ብረት በእሳት ሲግል በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ይነሣሉ። ሲመለሱ የወሰዱትን ኃይል ብርሃን አድርገው ይሰጣሉ። አነሣሣቸው እንደየዓይነቱ ይለያያልና ብርሃኑም ይለያያል፤ መዳብ አረንጓዴ፣ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ቢጫ። ሰውየው ይህን ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ አሮጌ ሽቦ ሲያቃጥል ግን ስንቴ አይቶታል! ታዲያ ቅድም ለምን ዝም አለ? ብቻውን ሲሆን የሚያውቀውን፣ ሰው መሃል ሲቆም ረሳው።

አሁንስ ይናገር? ቢናገር ምን ሊሉት ነው?

እቴነሽ ዕቃዋን ልትሸክፍ ወደ ቤት ዞረች። አላስቻለውም።

«እማማ፣ ያ ቀለም የመዳብ ነው። ሽቦውን የሰጠኋት እኔ ነኝ።»

«አንተ? ታዲያ ቅድም ከኛ ጋር ራሱን ሲነቀንቅ የነበረውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ጎንበስ ብሎ ከሽቦው ሥር አመድ በጣቱ ነካና ግንባሩ ላይ መስቀል አደረገ። እማማ ትርፌ ጠጋ አሉ። ከዚያ የራሳቸውን ግንባር አቀረቡ። እቴነሽን ይቅርታ አላሏትም፤ «እራት ሳትበዪ እንዳትተኚ» አሏት እንጂ። ለእሳቸው ይሄም ብዙ ነው።

ምዕመናን፣ እሳቱ ምን አጠፋ? ያገኘውን ተናገረ። እናንተስ? በየደጁ ስሙ የሚነሣ ሰው በሰፈራችሁ የለም? ፊቱ ለምን እንደተለወጠ የምታውቁ የላችሁም? አመሉን ስታወሩ፣ በመሥሪያ ቤት ማን እንዳስመረረው፣ በቤት ማን እንደገፋው ታወራላችሁ? ያስመረርነው እኛስ ብንሆን?

ክፉ አልተናገርንም ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ አልተናገራችሁም። የምታውቁትንም አልተናገራችሁም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። ስሟ በየደጁ የሚነሣው ያቺ ጎረቤታችሁ ገና ሰፈሩን አልለቀቀችም፤ በሯን አንኳኩ።