በብሩሽ የተሳለ ውርጭ

አንድ ሽማግሌ ነበረ፤ ጃፓን አገር፣ በዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ። ሥራው ሰይፍ መወልወል ነው። እናንተ ለበዓል ጫማችሁን እንደምትጠርጉት ግን እንዳይመስላችሁ! አንዱን ሰይፍ በውሃና በድንጋይ ሁለት ሳምንት ይፈትገዋል።

ለምን ይደክማል? በጥሩ ሰይፍ ውስጥ የተደበቀ ነገር ስላለ ነው። አንጥረኛው ብረቱን ጭቃ ይቀባዋል፤ ስለቱ ላይ ሳሳ፣ ጀርባው ላይ ወፈር አድርጎ። በእሳት ያቀላዋል። ከዚያ እንደ ጋለ ውሃ ውስጥ ይከተዋል። ብረቱ ይጮኻል። አንዳንዱ እዚያው ተሰንጥቆ ይቀራል። የተረፈው ግን ስለቱን ተከትሎ ነጭ ሞገድ ያወጣል፤ ሞገዱም ዳር ለዳር፣ ማለዳ ሣር ላይ እንዳለ ውርጭ፣ ጥቃቅን ፍንጣቂ ያበራል። ያንን ውርጭ ማንም አልሳለውም። እሳትና ውሃ የጻፉት ነው። የወልዋዩ ድርሻ መግለጥ ብቻ።

ጦርነቱ ሲከር ሰይፍ በጥድፊያ ተፈለገ። ውሃው ቀረና ብረቱን ዘይት ውስጥ መንከር መጣ። ዘይት ገር ነው፤ ብረት አይሰነጥቅም። ያንን ውርጭም አያወጣም። መኮንኖቹ ደግሞ ውርጭ የሌለው ሰይፍ አንታጠቅም አሉ። ታዲያ የሚሠራበት የሰይፍ ቤት አለቃ ለሽማግሌው አንድ ጠርሙስ ብረት የሚያነጣ አሲድና አንድ ብሩሽ ሰጠው።

"ውርጩን ሳልበት" አለው። "ማን ያውቃል?"

ሳለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳለ።

ሽማግሌው ሺዙ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። ባሏ ኢሳኦ ወጣት መኮንን ነው። ሊዘምት አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሽማግሌው ቤት ዘመድ ተሰብስቦ የስንብት ምሳ ተደረገ። ኢሳኦ አዲሱን ሰይፉን መዘዘና በሁለት እጁ ለአማቱ አቀረበ።

"አባቴ፣ እርስዎ ያውቁታል፤ ይመስክሩልኝ! ሲጨንቀኝ ይህን ውርጭ አያለሁ። ይህ ብረት ከእሳትና ከውሃ ከተረፈ እኔም እተርፋለሁ እላለሁ።"

ሽማግሌው ተቀበለ። ሞገዱን በዓይኑ ተከተለው። ጫፉ ላይ ሲደርስ መስመሩ ወደ ግራ ሸሸት ይላል። የሽማግሌው አውራ ጣት በልጅነቱ ተሰብሮ ጠማማ ሆኖ የቀረ ነው፤ ብሩሹን ሲያነሳ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያመልጠዋል። የራሱ እጅ ሥራ ነበር!

ምን ይበል? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አውቃችኋለሁ እኮ። "ግሩም ነው" ብላችሁ ወደ ምሳችሁ ትሄዱ ነበር።

እሱ ግን ደሙ ፈላ። በአለቃው ተናደደ፣ በኢሳኦ ፈገግታ ተናደደ፣ ከሁሉም በላይ በዚያች በጠማማ ጣቱ ተናደደ።

"ሺዙ፣ ውሃ አምጪ!"

"የምን ውሃ አባባ? ገና ምግብ ሳይቀርብ..."

"ውሃ አልኩሽ!"

መወልወያ ድንጋዩን አወጣና ሰይፉን ይፈትግ ጀመር። የኢሳኦ አጎት "ሽማግሌው ሳይጠጣ ሰከረ!" ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ሞገዱ እየደበዘዘ ነበር።

"ምን እያደረጉ ነው?" ኢሳኦ እጁን ያዘው።

"ልቀቀኝ! እውነተኛው ውርጭ በፈተግኸው ቁጥር እየጠራ ይሄዳል። ይህ ግን አየኸው? ይለቃል። የሳልኩት እኔ ነኝ።"

"እርስዎ? እኔ ሕይወቴን የጣልኩበትን?"

"እኔ።"

ኢሳኦ ሰይፉን ከእጁ ወሰደ። "ብረቱስ? ይቆርጣል?" አለ።

"ይቆርጣል። ብረቱ አልዋሸህም። የዋሸሁህ እኔ ነኝ።"

ኢሳኦ ባዶውን ሰይፍ ወደ ሰገባው መለሰ። በማግስቱ ሲሄድ ለሁሉም እጅ ነሣ፤ ለአማቱ ግን አልነሣም።

እናንተዬ፣ ዘይት የጠጣው ብረት ምን አጠፋ? የተሠራውን ያህል ነው። እግዚአብሔርም በዘይት የተነከረውን "ለምን ውርጭ አላወጣህም?" ብሎ አይከስም። የሚጠይቀው ባለ ብሩሹን ነው!

እናንተ ጋቢያችሁን አስተካክላችሁ የልጃገረድ አባት ደጅ የቆማችሁ ሽማግሌዎች! ልጁ እንደሚጠጣ፣ እንደሚማታ እያወቃችሁ "ወርቅ ልጅ ነው" ያላችሁት በየትኛው ብሩሽ ነው? ያቺ ልጅ በጭንቋ ቀን የምትደገፈው የሳላችሁላትን ነው። ሲለቅባት እናንተ የት ናችሁ? ሌላ ሠርግ ላይ፤ ሌላ ጠርሙስ ከፍታችሁ!

እናንተስ፣ ሰነፉን "ትጉህ ነው" ብላችሁ የመሰከራችሁ? "ማን ያውቃል?" ነው የምትሉት? ጠማማ ጣታችሁ ያውቃል። የትም ብታዩት የራሳችሁን እጅ ትለዩታላችሁ።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ የሳላችሁለት ሰው ቤት ሂዱ። አያመሰግናችሁም፤ ኢሳኦም አላመሰገነም። ሽማግሌው ግን የነገረው ሳይዘምት ነው። የእናንተም ሰው ምናልባት ገና ቤቱ ይሆናል፣ ምሳ ላይ። ውሃውንና ድንጋዩን ይዛችሁ ድረሱ።