ሁለት ቦታ የተገኘው ገጽ

በአንድ ከተማ ማዘጋጃ ቤት ድረ ገጽ የምትሠራ አንዲት ምላሰኛ ሴት ነበረች። እናቶች በስልካቸው የልጅ ልደት ምስክር ወረቀት የሚወጣበትን ገጽ ሲፈልጉ እየጠፋባቸው ሲንገላቱ አየችና አንጀቷ አልችል አለ። ገሚሶቹ «ለእናቶች» የሚለውን ይነካሉ፤ ገሚሶቹ ደግሞ «ምዝገባ» የሚለውን። እሷም ያንኑ አንድ ገጽ በሁለቱም በኩል እንዲከፈት አደረገችው።

ኃላፊው አቶ ዘርጋው ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። ቢሯቸው አስጠርተው ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አቆሟት።

«ስሚ አንቺ፣ አንድ ነገር ቦታው አንድ ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የሚገኝ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሌላ የምታውቂው ካለ ንገሪኝ። ከሌለ ግን ገጹን ከአንዱ ቦታ አጥፊና አንቺም ሥራሽን ልቀቂ» አሏት።

ሴትየዋ ቀስ ብላ አማተበች።

«የእግዚአብሔርስ እውነትዎን ነው፣ ጌታዬ። ግን ትናንት ባለጉዳይ ሲመጣ ኮትዎ ወንበሩ ላይ ስለነበር ‹አሉ፣ ጠብቁ› ተባለ። በስልክ ለጠየቀ ደግሞ ‹ስብሰባ ገብተዋል› ተባለ። በዚያው ሰዓት እኔ ምሳ ልበላ ስወጣ ፀጉር ቤት ተቀምጠው፣ አገጭዎ አረፋ ለብሶ አየሁዎት።»

ሠራተኛው መሬት መሬት እያየ ሳቁን ዋጠ። አቶ ዘርጋውም ኮታቸውን ከወንበሩ ላይ አንስተው መልበስ ጀመሩ።

«እኔ እኮ ገጹን ያስቀመጥኩት ሁለት ቦታ ብቻ ነው» አለች ሴትየዋ፤ «ያውም በሁለቱም በኩል የፈለገው ሰው ያገኘዋል።»