የእመት ዳለቻ ጥያቄ

አንድ ጊዜ ከቆላ የተነሣ አውሎ ነፋስ ሜዳውን አቧራ አለበሰውና የአህዮች ውርንጭሎች በሙሉ ከእናቶቻቸው ተነጥለው ሲደናበሩ የንጉሥ አንበሳ በረት ውስጥ ገቡ። ነፋሱ ሲያርፍ እናቶቹ እያናፉ ደረሱ። ግን ምን ያደርጋል? ውርንጭሎቹ ከጆሮ እስከ ጭራ አመድ መስለዋል፤ ጠረናቸው አቧራ ሆኗል፤ ጉሮሯቸውም ተዘግቷል። እናት ልጇን በዓይንም በአፍንጫም በድምፅም መለየት አቃታት።

ከሁሉ የባሰባት እመት ዳለቻ ነበረች። ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ በሩ ይከፈትና ባለቤት ያልተገኘለት ውርንጭላ ወደ ሜዳ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ማን እንደሚጠብቅ አህያ ሁሉ ያውቃል።

በዚያ በረት ወግ እናት ወደ ውስጥ አትገባም። ባለፈው ዓመት እንዲሁ ልጆች ጠፍተው እናቶቹ ግር ብለው ገብተው ሲተራመሱ ስንቱን ውርንጭላ ረግጠዋል፤ አንዱን ደጋግመው ሲያዩ ሌላውን ጭራሽ ሳያዩት ቀርተዋል። ስለዚህ አንበሳ ሕግ አወጣ። ውርንጭሎቹ ተሰልፈው ካሉበት ሳይነቃነቁ ይቆማሉ። ፈላጊ በር ላይ ሆኖ አንድ ጥያቄ ለቀበሮ ይሰጣል፤ ቀበሮም ሳትጨምር ሳትቀንስ ያንኑ ጥያቄ ለእያንዳንዱ በጆሮው ትነግረዋለች። አዎ የሚል ኮቴውን መሬት ላይ ይመታል። የመታው አንድ ብቻ ከሆነ ከጠያቂው ጋር ይሄዳል፤ ብዙ ከሆኑ ግን ጠያቂው ልጁን አላወቀምና ወደ ወረፋው መጨረሻ ይመለሳል።

የእመት ዳለቻ ተራ ደረሰ። «ቆንጆ ነህ ወይ በይልኝ» አለች። ቀበሮ ፈገግ አለች እንጂ አልተከራከረችም፤ ሥራዋ ጥያቄውን ማዞር ነው እንጂ ማረም አይደለም። ጥያቄውን ስታዞረው ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ በረቱ በኮቴ ድምፅ ተናጋ። እናቱ ቆንጆ ነህ ያላለችው ውርንጭላ የት ይገኛል? እመት ዳለቻ አንገቷን ደፍታ ወደ ኋላ ተመለሰች፤ ፀሐይዋም ማዘቅዘቅ ጀመረች።

ቀጥሎ ተራው የማን ቢሆን ጥሩ ነው? የአያ ጅቦ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ይላል፤ ይሄኛው ግን በሚያውቁት አገር እንኳ አላፈረም። ምራቁን እየዋጠ የእሱም ልጅ እዚህ እንደ ጠፋበት ተናገረ። ከሕጉ የሰማው «ከጠያቂው ጋር ይሄዳል» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ሌላውን ሆዱ እየጮኸ አላሰማውም።

«ሥጋ አለህ ወይ በያቸው» አለ።

የቀበሮ ዓይን ቦግ አለ። አንበሳም እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «በረቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ልጠይቅ? አንድም ሳላስቀር?» አለችው።

«ሁሉንም! አንድ እንዳታስቀሪብኝ።»

ቀበሮ ሄደች፤ ኮቴው እንደ በረዶ ዘነበ፤ አያ ጅቦም በደስታ ተቁነጠነጠ። ሰልፉ ቢያልቅም ቀበሮ አላቆመችም። ጥግ ይዞ ወደ ተጋደመው ወደ ንጉሡ ደቦል ሄደችና ያንኑ ጠየቀችው። ደቦሉ በኩራት መዳፉን መሬት ላይ አሳረፈ።

አንበሳ ቀስ ብሎ ተነሣ። «አያ ጅቦ፣ ይሄኛውም ያንተ ልጅ ነው?»

አያ ጅቦ እግሬ አውጪኝ ብሎ ፈረጠጠ።

ወረፋው ዞሮ የእመት ዳለቻ ተራ ሲመለስ ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። ቀበሮ ወደ እመት ዳለቻ ጠጋ ብላ «ለጅብም ለአንቺም የዞርኩት በዚሁ እግሬ ነው። ልዩነቱ በምትሰጪኝ ጥያቄ ነው። ሌላው ሁሉ ዝም የሚልበትን፣ ያንቺው ብቻ አዎ የሚልበትን አምጪ» አለቻት።

እመት ዳለቻ ዓይኗን ጨፈነች። መልኩን ተወችና አመሉን አሰበች። እባብ ካስደነገጠው ወዲህ መሬት ላይ ተኝቶ አያውቅም።

«ቆመህ፣ አገጭህን እናትህ ጀርባ ላይ ጥለህ ነው ወይ የምትተኛው በይልኝ» አለች።

ቀበሮ ጀመረች። የመጀመሪያው ዝም። ሁለተኛው ዝም። ሰልፉ ተጋመሰ፣ አሁንም ዝም። እመት ዳለቻ አንገቷን ወደ ውስጥ አሰገገች፤ ምናልባት ነፋሱ ወደ ሌላ አገር ወስዶት ይሆን? ዝምታም መልስ ነው፤ ለእናት ግን መራራ መልስ ነው። ቀበሮ ከሰልፉ ጫፍ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት፣ ኳ! አንዲት ኮቴ መሬቱን መታች። ቀበሮ የቀሩትንም አዳረሰች፤ ሌላ የመታ አልነበረም።

«ይሂድ» አለ አንበሳ።

ውርንጭላው በሩጫ ወጣና አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ አገጩን እናቱ ጀርባ ላይ ጣለ። እመት ዳለቻ በደስታ አለቀሰች። ይህን ያዩት እናቶችም ቆንጆ ነህ፣ ጎበዝ ነህ ማለቱን ተዉ። አንዷ ፍየል የሚፈራውን፣ ሌላዋ የእናቱን ገለባ የሚሰርቀውን እያሉ ጠየቁ፤ ኮቴውም ለአንድ ጥያቄ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሰማ ልጆች በየተራ ወጡ።

ፀሐይ ጠለቀች፤ በሩም ወለል ብሎ ተከፈተ። ሜዳው ላይ አድፍጦ ሲጠብቅ የነበረው አያ ጅቦ አፉን ከፍቶ ዘለለ፤ ከበረቱ የወጣው ግን አቧራ ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው የሚፈልገውን ለይቶ የጠየቀ ከብዙው መካከል የራሱን እንደሚያገኝ፣ ሁሉን የጠየቀ ግን አንዱንም እንደማያገኝ ነው።